ስፖንጅ በሚዛን ይገዛል፦ ከነደባ ፍራሽ እስከ ዕቃ ማሸግ

በሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ባለው በአክስቴ ቤት፣ ግድር ነደባ ላይ (ነደባ በሐረሪ ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ የተሠራ የመቀመጫ መደብ ነው) እንዲነጠፍ ብዬ ከድሬዳዋ ገዝቼ የወሰድኩት 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ዓመት ሳይሞላው መሃሉ ሰርጉዶ፣ የተቀመጠበት ሰው ነደባውን በአጥንቱ ይነካ ጀመር። አክስቴ «ፍራሹ እንጀራ ሆነ» ብላ ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሰችው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሻጩ «በእጅህ ጫነው» ሲለኝ በእጄ ተጫንኩት፣ ውፍረቱን አየሁ፣ በዋጋው ተከራከርኩ፤ አልመዘንኩትም እንጂ። በኋላ ሚዛን ላይ ሳወጣው ርዝመቱ 1.80 ሜትር፣ ስፋቱ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነው ያ ስፖንጅ 3.1 ኪሎ ግራም ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር ምን እንደሚናገር ዝቅ ብዬ አሳያለሁ። ስፖንጅ ለመቀመጫም ይሁን ለመኝታ፣ ለታማሚም ይሁን ለተሰባሪ ዕቃ ሲፈለግ አስቀድሞ የሚጠየቀው ውፍረቱ ሳይሆን ክብደቱና የሚሸከመው ነገር ነው።

በእጅዎ ያለው የትኛው ነው?

በገበያ ስፖንጅ ወይም ፎም ተብለው የሚጠሩት ነገሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። ለፍራሽና ለሶፋ የሚውለው ለስላሳው ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር የሚሠራ ሲሆን፣ የዚህ ኬሚስትሪ መነሻ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 በጀርመን ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ የሠሩት ሥራ ነው። ጠጋ ብሎ ለሚያየው እንደ እንጀራ ዐይን አለው፤ ዐይኖቹም እርስ በርስ የተያያዙ በመሆናቸው ሲጫኑት አየሩ ይወጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል፣ ውኃም ሲፈስበት ይጠጣል። ሁለተኛው በአዲስ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ተጠቅልሎ የሚመጣው ስስና ነጭ የፖሊኢትሊን ፎም ነው፤ የዚህኛው ዐይኖች እያንዳንዳቸው ለየብቻ የተዘጉ ስለሆኑ ውኃ አይገባበትም። ሦስተኛው ሲሰበር ትንንሽ ነጭ ፍሬ እየሆነ የሚበተነው ደረቁ ፎም፣ ፖሊስታይሪን ነው።

ግራ ከተጋቡ ቁራጩን አፍዎ ላይ ገጥመው ይንፉበት። ትንፋሽዎ በወዲያኛው በኩል ከወጣ ለመቀመጫና ለመኝታ የሚሆነው፣ ካልወጣ ደግሞ ለእርጥብ ቦታና ለዕቃ መጠቅለያ የሚሆነው ነው። ደረቁን ነጭ ፎም ከቤንዚን፣ ከቀለም ማቅጠኛና ከጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያርቁት፤ ሲነኩት ወዲያው ይሟሟል።

አንደኛ፦ ቦታውን መለካት

የሐረሪ ባህላዊ ቤት አምስት ነደባዎች እንዳሉት ይታወቃል፤ ከእነዚህ አሚር ነደባና ግድር ነደባ እንግዳና ቤተሰብ በብዛት የሚቀመጥባቸው ናቸው። የእነዚህ ቤቶች ግድግዳ በድንጋይ የተሠራና ለብዙ ዘመን በላይ በላዩ የተለሰነ ስለሆነ ቀጥ ያለ ማዕዘን ማግኘት ብርቅ ነው። በመጀመሪያው ዙር ርዝመቱንና ስፋቱን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቼ ስላስቆረጥኩ፣ በግራው ጥግ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀርቶ የስኒ ማንኪያ ሁሉ እዚያ እየገባ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ርዝመቱን በግድግዳው በኩልና በጠርዙ በኩል፣ ስፋቱንም በግራ፣ በመሃልና በቀኝ ይለኩ። ቁጥሮቹ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ጋዜጣ ወይም የካርቶን ወረቀት አያይዘው ነደባው ላይ ዘርግተው በግድግዳው ቅርጽ ይቁረጡና ያንን እንደ ልክ ይዘው ይሂዱ። ወረቀቱ ላይ የትኛው ወገን ወደ ላይ እንደሚሆን መጻፍ አይርሱ፤ ተገልብጦ የተቆረጠ ስፖንጅ የሚሆነው ለሌላ ቤት ነው።

ለሶፋና ለአልጋ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ጣውላው ወይም ብረቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሁለት ልኬት ይበቃል።

ሁለተኛ፦ መምረጥና መመዘን

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ስፖንጅ ሁለት የተለያዩ ጠባዮች አሉት። አንደኛው ጥንካሬው ነው፤ ይህም ሲጫኑት ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው። ሁለተኛው እፍግታው ነው፤ ይህም አንድ ሜትር ኩብ የሚሆነው ስፖንጅ ስንት ኪሎ ግራም ይመዝናል የሚለው ነው። ብዙ ሻጮች «ጠንካራ ነው» ሲሉ ሁለቱን አንድ አድርገው ይናገራሉ፤ ገዢውም አምኖ ይሄዳል። በፋብሪካ ቀላል ሆኖ ጠንካራ፣ ከባድ ሆኖ ለስላሳ ስፖንጅ መሥራት ይቻላል። በእጅ መጫን የሚነግርዎ የዛሬውን ጥንካሬ ብቻ ሲሆን፣ ያ ጥንካሬ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ የሚነግርዎ በአብዛኛው እፍግታው ነው። በቀላሉ ስፖንጅ ውስጥ ነገሩ ትንሽ፣ አየሩ ብዙ ስለሆነ፣ በየቀኑ የሚቀመጥበት ሰው ክብደት ዐይኖቹን የከፈላቸውን ስስ ክር እያደከመው ይመጣና ስፖንጁ ወደ ቀድሞ ቁመቱ መመለስ ያቅተዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ውፍረቱን በሜትር ያባዙ፤ ክብደቱን ለዚያ ያካፍሉ። የአክስቴ ስፖንጅ 1.80 በ0.70 በ0.15 ሲባዛ 0.189 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ 3.1 ኪሎ ግራም ለዚህ ሲካፈል 16 ከምናምን ይመጣል። 16 ለጀርባ መደገፊያ እንኳ ደካማ ነው። በእኔ ልምድ ለጀርባ መደገፊያ ከ18 እስከ 20፣ አልፎ አልፎ እንግዳ ለሚተኛበት ፍራሽ ከ20 እስከ 23፣ አዋቂ ሰው በየሌሊቱ ለሚተኛበት 25 እና ከዚያ በላይ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ለሚፈራረቅበት መቀመጫ ደግሞ ወደ 30 የሚጠጋ መሆን አለበት። በሱቅ ውስጥ ስሌቱን ገልብጦ ይዞ መሄድ ይቀላል፦ 1.80 በ70 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የነደባ ፍራሽ እፍግታው 30 ከሆነ 3.8 ኪሎ ግራም ገደማ መመዘን አለበት፤ 2.5 ኪሎ ግራም ከሆነ እፍግታው 20 ነው። 1.90 በ1.20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአልጋ ፍራሽ እፍግታው 25 ከሆነ ያለ ልብሱ 11.4 ኪሎ ግራም ነው። ሻጩ ሚዛን ከሌለው አጠገቡ ያለው የእህል ወይም የሽንኩርት ነጋዴ አያጣም። ለመመዘን ፈቃደኛ ካልሆነ ወደሚቀጥለው ሱቅ ማለፍ ነውር የለውም።

ሚዛንም ቢሆን ይታለላል። አንዳንድ ስፖንጅ ክብደቱ ከፍ እንዲል ሲሠራ ከኖራ ድንጋይ የተፈጨ ዱቄት ይገባበታል። ይህን ለመለየት ጥቁር ጨርቅ ላይ የስፖንጁን የተቆረጠ ጠርዝ ጠበቅ አድርገው ይሹት፤ ነጭ ዱቄት ከቀረ ወይም ጠርዙ በቀላሉ ከተፈረፈረ ይተዉት። ልብስ የለበሰ ፍራሽ ሲሆን ዚፑን አስከፍተው ውስጡን ማየት መብትዎ ነው፤ ከውጭ አንድ የሚመስለው ከውስጥ የተለያየ ቁርጥራጭ የተጣበቀበት ሆኖ ይገኛል። በነገራችን ላይ ቁርጥራጭ ሁሉ መጥፎ አይደለም። በፋብሪካ ተፈጭቶ በሙጫ የተጨመቀው፣ ቀለሙ ዝንጉርጉር የሆነው ስፖንጅ በጣም ከባድና ደረቅ በመሆኑ ለብቻው አይመችም፤ ከሥር ሲደረግ ግን ብዙ ዓመት ያገለግላል።

ነደባ ደረቅ ነው፤ እንደ ሶፋ ሞላ ወይም እንደ አልጋ ርብራብ ትንሽም አይሰጥም፤ ምቾቱ ሁሉ የሚመጣው ከስፖንጁ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሥር 8 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ፣ ከላይ 3 ሴንቲ ሜትር ለስለስ ያለ ስፖንጅ አድርጎ ማጣበቅ ከአንድ ወፍራምና ለስላሳ ስፖንጅ እጅግ ይሻላል። ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ መሄድም አያስፈልግም፤ ሰው ሲቀመጥበት ከፍ ስለሚል መከዳው ወገቡን መደገፉን ትቶ ከወገቡ በታች ይቀራል።

ድሬዳዋ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። ስፖንጅ አየር ስለሚይዝ ሙቀት አያሳልፍም፤ የሰውነት ሙቀት መውጫ አጥቶ ጀርባን ያልባል። ሰውነት ሲነካው ቀስ ብሎ የሚሰረጉደውና ቀስ ብሎ የሚመለሰው ውድ ስፖንጅ ደግሞ በሙቀት ይበልጥ የሚለሰልስ፣ በብርድ የሚደርቅ ነው፤ ለከዚራ ሰፈር የግንቦት ሌሊት ገንዘብ አያወጡበት። ጠንካራ ተራ ስፖንጅ፣ የጥጥ ልብስ፣ ከላዩም ሰሌን ቢነጠፍበት ይመረጣል።

ሦስተኛ፦ መቁረጥ

ስፖንጁን ከልኩ ላይ በርዝመትም በስፋትም 1 ሴንቲ ሜትር ጨምረው ምልክት ያድርጉ፤ ትርፉ ልብሱን ወጥሮ እንዲሞላው ነው። በግድግዳ መካከል ተጣብቆ የሚገባ ከሆነ ግን ልኩን ሳይጨምሩ ቆርጠው ልብሱን ጠበብ አድርገው ያሰፉ።

ለመቁረጥ ረጅም ጥርሳም የዳቦ ቢላዋ ወይም አዲስ የብረት መጋዝ ምላጭ ይበቃል። ስፖንጁን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ምልክቱ ከጠርዙ ጥቂት እንዲወጣ ያድርጉ፤ ቢላዋውን ቀጥ አድርገው ይዘው በረጅሙ ወደ ላይና ወደ ታች እየሳቡ፣ በየዙሩ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት እየጨመሩ ይሂዱ። የሁሉም ጀማሪ ስህተት በሌላው እጅ ስፖንጁን ደፍጥጦ መያዝ ነው፤ የተደፈጠጠ ስፖንጅ ሲቆረጥ ቀጥ ያለ ይመስላል፣ ሲለቀቅ ግን ጠርዙ ወደ ውስጥ የጎበጠ ሆኖ ይወጣል። እጅዎ ላዩ ላይ ይረፍ እንጂ አይጫነው። በጋለ ሽቦ መቁረጥ ለደረቁ ነጭ ፎም የታወቀ ዘዴ ቢሆንም ለፍራሽ ስፖንጅ አይሞከር፤ ጭሱ መርዛማ ነው።

አራተኛ፦ ማጣበቅና ማልበስ

ሁለቱን ንብርብር ለማያያዝ ማስቲሽ ይጠቀሙ። ስስ አድርገው በሁለቱም ፊት ቀብተው፣ ጣት ሲነካው እስኪይዝና እጅ ላይ እስከማይቀር ድረስ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ከአንድ ጫፍ ጀምረው እያስተኙ ይጫኑ። አንዴ ከያዘ አይላቀቅምና ጫፎቹ መግጠማቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ። መላውን ፊት መቀባት አያስፈልግም፤ ዙሪያውን አራት ጣት ስፋት፣ መሃሉንም በመስቀል አድርጎ መቀባት ይበቃል፤ ሙጫ የበዛበት ቦታ ደርቆ ጀርባ ይቆረቁራል። ይህ ሥራ በግቢ፣ ከከሰልና ከሲጋራ ርቆ፣ ሕፃናት በሌሉበት ይሁን።

ከዚያ ከአቡጀዲ የተሰፋ የውስጥ ልብስ ያልብሱት። ብዙ ሰው ወጪ ለመቀነስ ይህን ይዘለዋል፤ እኔ ግን አልመክርም፤ የላዩ ልብስ ለእጥበት በወጣ ቁጥር ስፖንጁ ተራቁቶ ጠርዙ እየተቀደደ የሚያልቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የላዩን ልብስ ሐረር ውስጥ ከሆኑ በስፌት መኪኖቹ ድምፅ ስሙን ወዳገኘው መኪና ግርግር ይዘውት መሄድ ነው። ለልብስ ሰፊው የሚነግሩት ሦስት ነገር አለ፦ ከስፖንጁ ልክ በየአቅጣጫው 1 ሴንቲ ሜትር እንዲያንስ፣ ለስፌት 1.5 ሴንቲ ሜትር እንዲተርፍ፣ ዚፑም በኋላ በኩል ባለው ረጅም ጎን ሆኖ ጥጎቹን ጥቂት እንዲዞር። ዚፑ በአጭሩ ጎን ከሆነ 1.80 ሜትር ስፖንጅ ማስገባት ትግል ነው። አልገባ ካለ ስፖንጁን በስስ ላስቲክ ጠቅልለው ያስገቡት፤ ላስቲኩ ስለሚያንሸራትተው ጥጉ ድረስ ይደርሳል፤ ከዚያ ላስቲኩን ከሥሩ ስበው ያውጡ። ላስቲኩን ውስጥ መተው ላብ ያከማቻልና አይገባም።

ከነጠፉት በኋላ

ፍራሹንና ነደባውን በሰሌን ይለዩአቸው። በሐረር ክረምት የሰውነት እርጥበት ወደ ታች ወርዶ ቀዝቃዛው ነደባ ላይ ሲደርስ መውጫ ያጣል፤ ከሁለት ወር በኋላ ሲያነሡት ጥቁር የሻጋታ ነጥብ ያገኛሉ። በየሳምንቱ ፍራሹን በጎኑ አቁሞ ለግማሽ ቀን አየር ማስመታት፣ በየወሩም ራስና እግሩን ማዘዋወር ይበቃል።

ፀሐይን በተመለከተ ከእናቶቻችን ልማድ ትንሽ እለያለሁ። የጥጥ ፍራሽ ፀሐይ ይወዳል፤ ስፖንጅ ግን በቀጥታ ፀሐይ ሲመታው ቢጫ ይሆንና ፊቱ ወደ ዱቄት ይለወጣል። የድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ስለዚህ ስፖንጅ ልብሱን እንደለበሰ ወይም ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ይነፍስ። ሕፃን ሸንቶበት ወይም ሻይ ፈስሶበት ከሆነ በደረቅ ጨርቅ እየተጫኑ መምጠጥ፣ በጥቂት ሳሙናማ ውኃ መንካት፣ እንደገና መምጠጥ እንጂ ሙሉውን ውኃ ውስጥ ነክሮ መጠምዘዝ አይገባም፤ ይቀደዳል፣ ውስጡም በቀናት አይደርቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ እሳት ነው። ቡና ሲፈላና እጣን ሲጨስ ከሰሉ የሚቀመጠው ነደባው አጠገብ ነው። የፍራሽ ስፖንጅ ከተያያዘ በፍጥነት ይነድዳል፤ ጭሱም ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ የሚባሉ ገዳይ ጋዞች ስላሉበት ነበልባሉ ሳይደርስ ሰው ይጥላል። ምድጃውና የእጣን ማጨሻው ከፍራሹ ጠርዝ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ ስፖንጁ ከተያያዘና ወዲያው ካልጠፋ ደግሞ ፍራሹን ለማዳን መታገል ትቶ ሰው ሁሉ መውጣት አለበት።

ለአካልና ለዕቃ ጥበቃ ሲውል

አልጋ ላይ ለዋለ ታማሚ ስፖንጅ ሲዘጋጅ ዓላማው ክብደትን በሰፊ ቦታ ማካፈል ነው፤ ክብደት በዳሌ፣ በተረከዝና በጅራት አጥንት ላይ ሲከማች ደም ስለማይደርስ ቆዳው ይቆስላል። ታማሚው እንደተኛ እጅዎን ከስፖንጁ ሥር፣ በዳሌው ትክክል አስገብተው ይፈትሹ፤ በእጅዎና በአካሉ መካከል የቀረው ስፖንጅ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ስፖንጁ እየሠራ አይደለም። ተረከዙ አየር ላይ እንዲሆን ከባቱ ሥር ትራስ ያድርጉ። መሃሉ ክፍት የሆነ ቀለበት መሰል ስፖንጅ ብዙዎች ያስቆርጣሉ፤ ይህ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ቆዳ ስለሚጫን ጉዳቱ ያመዝናል። የትኛውም ስፖንጅ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥን አይተካም፤ ቆዳው ቀልቶ ተጭነው ሲለቁት ካልገረጣ ለጤና ባለሙያ ያሳዩ። ለሕፃን ግን ተቃራኒው ነው፦ ዓመት ያልሞላው ልጅ በጠንካራና ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ በጀርባው ይተኛ፤ ለስላሳ ስፖንጅና ትራስ ትንፋሽ ሊያፍን ይችላል።

ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ለሚውል ሾፌር ወፍራም ስፖንጅ መጨመር አያዋጣም፤ ከፍ ስለሚያደርገው ራሱ ጣሪያውን ይጠጋል፣ እግሩም ፍሬኑን በደንብ አያገኝም። 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ እፍግታው ከ30 በላይ የሆነ ስፖንጅ በጥጥ ጨርቅ ለብሶ ይበቃዋል። የሞተር ሳይክል ሔልሜት ውስጥ ያለው ደረቅ ፎም ደግሞ የሚያድነው ራሱ ተጨፍልቆ ነው፤ አንዴ ኃይለኛ ምት ከተቀበለ በኋላ ውጪው ደህና ቢመስልም ሔልሜቱ መቀየር አለበት።

ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ድሬዳዋ ተነሥቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ሐረር የሚወጣ ዕቃ በየኩርባው ወደ ጎን ይገፋል። ስለዚህ ማሸጊያው ከላይና ከታች ብቻ ሳይሆን ከአራቱም ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ለቴሌቪዥን ማያውን ውኃ በማይጠጣው ስስ ፎም ሸፍነው፣ ጥጎቹን በደረቁ ነጭ ፎም ይዘው፣ ቆሞ እንዲሄድ ያድርጉ፤ ማያው ላይ ምንም አይጫን። ሳህንና ብርጭቆ ለየብቻ ይጠቅለል፤ ሳህኑ ተደራርቦ ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ ይደርደር፣ ክፍተቱም በስፖንጅ ቁርጥራጭ ይሞላ። ካርቶኑን ዘግተው ሲያወዛውዙት ድምፅ ካለው እንደገና ይክፈቱት። ለከባድ ዕቃ በጣም ለስላሳ ስፖንጅ አይሁን፤ በመጀመሪያው ጉድጓድ ተደፍጥጦ ዕቃው ወለሉን ያገኘዋል።

ያለቀ ስፖንጅም አይቃጠል። የሰረጎደውን ክፍል በመቀስ በ2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከትፈው፣ በአቡጀዲ ከረጢት አጥብቀው ሞልተው አፉን በእጅ ስፌት ይዝጉት፤ መከዳ ይሆናል። ሲሞሉ ጥጎቹን አስቀድመው ጠቅጥቀው መሃሉን በኋላ ይሙሉ፤ አለዚያ ጫፉ ባዶ ይቀራል። ከአክስቴ እንጀራ ፍራሽ ሁለት መከዳ ወጥቶ አሁን አሚር ነደባ ላይ ተደግፏል፤ የአንደኛው ጥግ ግን ባዶ ነው፣ እኔ ነኝ የሞላሁት።